መንገዱ ነው የመጣብኝ

ከሶዶ ወደ ሻንቶ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት በዕድሜ የገፉ ባለሱቅና አንድ ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ይፈርሳል ብለው ሱቄ ላይ የቀቡትን ቀይ ኤክስ በኖራ አጠፋሁት» አሉት ሴትዮዋ። «ዛሬ ተመልሰው ይመጣሉ አሉ። ይምጡ!»

«እማማ፣ ሕግ ነው እኮ። መንገድ ዳር ቤት መሥራት ክልክል ነው።»

«መንገድ ዳር ማን ሠራ? እኔ ስሠራ ፊት ለፊቴ የበቆሎ ማሳ ነበር። መንገዱ ነው እየሰፋ የመጣብኝ።»

«ለእርስዎም ደህንነት ነው። መኪና መስመር ስቶ ቢገባብዎትስ?»

«ገብቷል!»

«እ?»

«አይሱዙ። ፍሬን እምቢ ብሎት ሱቄን ደረመሰው። ሳሙና የለ፣ ዘይት የለ፣ ሁሉም አፈር ሆነ።»

«ታዲያ እያወቁ መልሰው እዚያው ሠሩ?»

«እዚያው! ያን ቀን ከሱቁ ጀርባ የልጅ ልጆቼ ተኝተው ነበር። ያ ግድግዳ ባይዘው ኖሮ መኪናው የሚቆመው እነሱ ላይ ነበር።»

«ወደ ውስጥ ገባ ቢሉስ?»

«ወዴት? ከኋላዬ ያለው እንሰት የሰው ነው። ቀቢው ይምጣ ብቻ! መጀመሪያ እኔን ይቀባል።»

እግሬ ሥር ያስቀመጥኩትን የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ቀስ ብዬ በጃኬቴ ሸፈንኩት።