የሐሙስ ቁልፍና የምድር ቤቱ ሮኬት

እትዬ ዝናሽ ወሬውን የጀመሩት በአየሩ ነው። ዙሪክ አጠገብ ባለችው በሽሊረን ሰኔ ገብቶም ፀሐይዋ እንደ ሩቅ ዘመድ ብቅ ብላ ትመለሳለች፣ አሉ። የጠይባን ልጆች ጤና ጠየቁ። የጧቱ ባቡር ሁለት ደቂቃ መዘግየቱን አንሥተው ጉድ ነው አሉ። የላይኛዋ ጎረቤታቸው ጠይባ የወሎ ልጅ ናት፤ ሰው ሲያወራት ዝም ብላ መስማት ታውቅበታለች።

የቆሙት ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ላይ ነው። በዚህ ሕንፃ ልብስ የሚታጠበው በተራ ነው፤ ለአንድ ቤት በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ይደርሰዋል፣ ቁልፉም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዛሬ ሐሙስ የእትዬ ዝናሽ ተራ ነው። ከነገ ወዲያ ልጃቸው ዲቦራ ትዳራለች፣ የሙሽራው ወገን ነገ ከጄኔቫ ይገባል፣ የአሥራ አራት ሰው ነጭ ልብስ ግን ሳይታጠብ እግራቸው ሥር ተቆልሏል። ቁልፉን የሁለተኛ ፎቁ ጎረቤት ሰኞ ዕለት «ለግማሽ ሰዓት» ብለው ወስደዋል። አሁንም ከውስጥ ቆልፈው የልብስ ማድረቂያውን ነፋስ እያስጮሁት ነው። የሰውየው ስም ይቅር፤ እትዬ ዝናሽም አልጠሩትም። ፈገግ አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

የተማረ ሰው ጎረቤት መሆን እንዴት ያለ ዕድል ነው፣ አሉ ለጠይባ። አንድ ትልቅ ሰው አሉ... ማን እንደሆኑ ምን ያደርግልሻል? ባለፈው ዓመት ጄኔቫ፣ መንግሥታት መሣሪያ ስለ መቀነስ በሚነጋገሩበት አዳራሽ፣ ለተሰብሳቢው የጆሮ ማዳመጫ የማደል ሥራ አገኙ። አንድ ቀን አንዱን ማዳመጫ ራሳቸው ሰካ ቢያደርጉት፣ አንዲት አገር ከድምፅ አምስት እጥፍ የሚፈጥን ሚሳይል በገዛ ልጆቿ እጅ እየሠራች ነው ሲባል ሰሙ። እኛስ ከማን እናንሳለን ብለው ዙሪክ ተመለሱና ሮኬት መሥራት ጀመሩ።

«አየሽ፣ ሌላው ሰው ሦስት ወር ሙሉ ስለ መቀነስ ሲሰማ፣ እሳቸው መጨመሩን ለይተው ሰሙ» አሉ እትዬ ዝናሽ። «እንዲህ ያለ ጆሮ ለማን ይሰጣል... በር ሲንኳኳ ብቻ ነው የማይሰማው።»

ውስጥ ነፋሱ ባሰበት። እትዬ ዝናሽም ባሰባቸው። ሮኬቱን በዓይናቸው አይተውታል፤ ሁለት የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ በሽቦ ተጋጥሞ፣ ጫፉ ላይ የምግብ መጠቅለያ ብርማ ወረቀት ሾሎ። ሙሉ በሙሉ የአገር ልጅ ሥራ ነው ተብሏል። ቆርቆሮው የጣልያን፣ ሽቦው የስዊስ፣ ነፋሱ የአከራዩ... የቀረውስ? የቀረው ሁሉ ንጹሕ የኛው ነው፣ አሉ በኩራት። እንዲህ ያለ ነገር ከመወንጨፉ በፊት በኃይለኛ ነፋስ መፈተን አለበት አሉ። ታዲያ ለአገር ከሆነ የአንዲት ሙሽራ እናት ተራ ምን ዋጋ አለው? የተራው ሰሌዳ ላይ የእትዬ ዝናሽ ስም ተሰርዞ «ጥናት» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ጽሕፈቱ እንዴት ያምራል!

«አማቾቼ ልብሱ ምነው አደፈ ቢሉኝ፣ ለአገር መከላከያ የተከፈለ ነው እላቸዋለሁ። ይኮሩ የለ?»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስለው የበለጠ ከፍ አደረጉት። ለዚህ ሊቅ ባለቤት አዘኑላቸው። እኒያ ምስኪን ከላይ ሆነው ምሳ ቀረበ ብለው ሲጣሩ፣ ድምፁ ወዲያው ምድር ቤት ይደርሳል። ባልየው ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅባቸዋል፣ ያውም ወጡ በረደ ብለው እየተቆጡ።

«እኔ ያልተማርኩ ነኝ ጠይባዬ... ግን ድምፅን አምስት እጥፍ ከመቅደም በፊት፣ አንድ ጊዜ አብሮት መድረስ አይቻልም?»

ነፋሱ ቀጥ አለ። ጠይባ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። የበሩ ቁልፍ ቀጭ ሲል ተሰማ፣ ቀጥሎም ከበሩ ሥር አንድ ቁልፍ እየተንሸራተተ ወጥቶ የእትዬ ዝናሽን ጫማ ነካ። አነሡት፣ በቀሚሳቸው ጠረግ አደረጉት። ፊታቸው ፈካ። ጠይባም ነገሩ እዚህ ላይ የሚያበቃ መስሏት የልብሱን ክምር ልታግዛቸው ጎንበስ አለች።

እትዬ ዝናሽ ግን እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ድምፃቸው ማር ሆነ።

«አንቺም በሃይማኖትሽ አሚን በዪ። እግዚአብሔር ለእኚያ ሰው የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥልን። ዓይናቸውን አያፍዝባቸው፣ ጉልበታቸውን አያድክምባቸው። ሮኬታቸው የሚነሣ ዕለት፣ ከነገ ወዲያ የምትዳረው ልጄ የልጅ ልጆች፣ የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው፣ የእኚያን ሰው እጅ ይዘው እንዲያዩት ደጅ ያውጧቸው።»