ፍሬኑ ላይ ስለተቀመጠው ካርቶን

የምስክሩ ስም፦ ስንታየሁ ገብረየስ
ዕድሜ፦ 61
አድራሻ፦ ቻምብሊ፣ ጆርጂያ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው አፓርትመንት
ሥራ፦ የሆቴል ሻትል ሹፌር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ አርብ፣ ኦክቶበር 17፣ 2025፣ ከሰዓት በኋላ
ቃሉን የተቀበለው፦ የትራፊክ አደጋ መርማሪ። ምስክሩ በአማርኛ በራሱ እጅ ልጻፍ ብሎ በመጠየቁ ተፈቅዶለታል።

ከላይ ስሜ የተጠቀሰው እኔ፣ መርማሪው በስልክ አስተርጓሚ ሊያገናኙኝ ሲሉ «ወረቀት ብቻ ይስጡኝ፣ አስተርጓሚዋ በኋላ ታንብበው» ብዬ ይህንን ቃል ራሴ ጽፌአለሁ። ቀድሞ ቢሆን አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ እሄድ ነበር። አሁን ግን ቻምብሊ በሚገኘው የቤተክርስቲያናችን አዳራሽ የማታ ፊደል ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ስህተት ከተገኘ የብዕሩ ነው።

ጉዳዩ አቶ ተስፋጽዮንን ይመለከታል። አቶ ተስፋጽዮን ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ ከጎማ ቤቱ አጠገብ፣ ለወጣቶች የመንጃ ትምህርት ቤት ከፍቷል። የእኛ ሰው ልጁ ለመንጃ ሲደርስ ወደ እሱ ይወስዳል። አማርኛ ይናገራል፣ ቤተክርስቲያን እናየዋለን፣ ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም። ስቴቱ ልጆቹ ሠላሳ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ስድስት ሰዓት ደግሞ መሪ ላይ እንዲማሩ ያዛል። በአቶ ተስፋጽዮን ቤት ግን የመሪው ሰዓት የሚያልቀው የሚስቱን በርበሬና ሽሮ ለየሱቁ በማከፋፈል ነው። ልጆቹ ይነዳሉ፣ እሱ ካርቶን ያወርዳል። ዝናብ ከሆነ በርበሬው እንዳይርስ ትምህርት የለም። ኢንተርስቴት በሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ሱቅ ስለሌለ ኢንተርስቴት አይወጡም። እንግዲህ ይኼ ልጅ ላይሰንስ ይዞ ብቻውን በዝናብ ኢንተርስቴት ሲገባ ማን ሊያስተምረው ነው?

ቅዳሜ ኦክቶበር 4፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አራት ሰዓት፣ በእናንተ አሥር ሰዓት ገደማ፣ መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረች ብሩክሄቨን ወደሚገኘው ሥራዬ ለመሄድ አውቶቡስ እጠብቅ ነበር። አቶ ተስፋጽዮን የትምህርት ቤቱን መኪና አስቁሞ «ጋሽ ስንታየሁ፣ መንገዳችን ነው፣ ይግቡ» አለኝ። ገባሁ። የምትነዳው፣ ቤተክርስቲያን የማውቃት የወይዘሮ ፍቅርተ ልጅ፣ ቢታንያ ነበረች፤ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። እኔ ከእሷ ጀርባ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያለው ወንበር እስከ ጣሪያው ካርቶን ነው። ትራንኩም ሞልቷል። ቦታ ያጣውን አንዱን ካርቶን አቶ ተስፋጽዮን እግሩ ሥር አድርጎታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። የመንጃ ትምህርት ቤት መኪና ሁለት ፍሬን አላት። አንዱ የልጁ ነው። ሌላው ልጁ ሲሳሳት አስተማሪው እንዲረግጠው እሱ እግር ሥር ይቀመጣል። አቶ ተስፋጽዮን በዚያ ፍሬን ላይ ካርቶን አስቀመጠ፤ ካርቶኑ ላይ ደግሞ እግሩን ሰቀለ። እኔ ከኢሱዙ ጀምሮ ያልነዳሁት ነገር ቢኖር አውሮፕላን ብቻ ነው፣ እሱም ስላልሰጡኝ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁም። «ተስፋጽዮን፣ ዛሬ ፍሬን የሚይዘው በርበሬው ነው?» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዛሬ አያስቀኝም።

ልጅቷ ጥሩ ትነዳ ነበር። መስታወቷን ታያለች፣ ሌኗን ትጠብቃለች። በመሐሉ «ጋሼ፣ ኢንተርስቴት መቼ ነው የምንወጣው? ላይክ፣ ቡኩ ላይ ሜርጅ ማድረግ አለ እኮ» አለችው። ሜርጅ ማለት ከሚሮጡት መኪኖች መሐል ገብቶ መቀላቀል ነው።

«ቡኩን ተይው። ካሪኩለሙ እኔ ነኝ» አላት።

ካሪኩለም ምን እንደሆነ ያን ቀን አላውቅም ነበር። በኋላ የማታ መምህሬን ተናኘወርቅን ብጠይቃት፣ ተማሪው ምን ምን መማር እንዳለበት ተለይቶ የተጻፈበት ነው አለችኝ። አቶ ተስፋጽዮን የተጻፈ ነገር ከሆነ እንግዲህ እኔም ማንበብ ችያለሁ፤ ገልጬ አየሁት፣ ባዶ ገጽ ነው።

ካርቶን ወደሚወርድበት የመጀመሪያው ሱቅ ግቢ ለመግባት ልጅቷ ሌፍት መታጠፊያው ሌን፣ ወደ ግራ የሚታጠፉት መስመር ውስጥ ገብታ ቆመች። የትራፊክ መብራቱ ቀስት ቢጫ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ይህ ማለት ከፊት ለፊት የሚመጣውን አሳልፈሽ፣ ባዶ መሆኑን ራስሽ አይተሽ ታጠፊ ማለት ነው። ከፊት ለፊት ነጭ ፒክአፕ ይመጣል። ባለሱቁ አቶ ተስፋጽዮንን በስልክ «ዘገየህ» እያለ ይነዘንዘዋል፤ ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። አቶ ተስፋጽዮን ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ «ሂጂ» አላት።

«ጋሼ፣ መኪና አለ።»

«አይደርስብሽም፣ ሂጂ!»

«ኖ፣ ላይክ፣ ቅርብ ነው...»

«ሂጂ ስልሽ! ትልቅ ሰው ሲናገር አትሰሚም?»

ሄደች። መሪውን የያዘችው ልጅቷ ናት፤ መኪናውን የነዳችው ግን ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት። ልጆቻችንን ስናሳድግ ትልቅ ሰው ካለ አለቀ፣ መልስ አይሰጥም ብለን ነው። እሱ ይህን ያውቃል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራውም በዚህ ነው።

ፒክአፑ ፍሬን ይዞ እየተንሸራተተ በቀኝ በኩል የኋላውን በር መታን። ካርቶኖቹ ፈነዱ። እኔ ትከሻዬን ተጎዳሁ። የፒክአፑ ሹፌር ክንዱ ተሰበረ። ሰውዬው የተሰበረ ክንዱን አቅፎ መንገድ ዳር ተቀምጦ ያስነጥስ ነበር፤ በርበሬው ተበትኖ ነው። ሰው ሲያስነጥስ ማየት እንዲህ ያሳዝናል ብዬ አላውቅም ነበር።

ፖሊስ ከመድረሱ በፊት አቶ ተስፋጽዮን እግሩ ሥር የነበረውን ካርቶን አንስቶ ከተበተኑት ጋር ቀላቀለው። በዓይኔ አይቻለሁ። ካርቶኑ ግን ሥሩ ተቀዶ በርበሬው ፍሬኑ ላይ ፈስሶ ነበር። መኪናዋ እስካሁን በእናንተ ግቢ ቆማለች ተብያለሁ። የአስተማሪውን ፍሬን ጎንበስ ብላችሁ ፈትሹ። ታስነጥሳላችሁ።

እኔን አምቡላንስ ውስጥ አስቀምጠውኝ ስለነበር የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ግን በሩ ክፍት ነበር፣ አይቻለሁ። አቶ ተስፋጽዮን እጁን እያወናጨፈ ያወራል። ፖሊሱ ወደ ልጅቷ ዞሮ ጠየቃት። እሷ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይን መስበር አክብሮት ነው። ፖሊሱ ግን ጥፋቷን ያመነች መሰለው፤ የጥፋት ቲኬቱን በእሷ ስም ጻፈው። በወሩ መጨረሻ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ጥፋቱ የእሷ ነው ከተባለ ፐርሚቷን፣ የለማጅ ፈቃዷን፣ ይወስዱባታል፤ ከዚያም በላይ፣ የሰው ክንድ የሰበርኩት እኔ ነኝ ብላ ዕድሜዋን በሙሉ ትኖራለች።

የቲኬቱንና የፍርድ ቤቱን ነገር ያወቅሁት እሑድ ኦክቶበር 12 ነው። ያን ቀን ለሽምግልና ወደ ወይዘሮ ፍቅርተ ቤት ተጠራሁ። እኔ ከሌለሁበት ዕርቅ ዕርቅ ስለማይሆን ነው የጠሩኝ ብዬ ክራባት አድርጌ ሄድኩ። ለካ የጠሩኝ አፌን ለመዝጋት ነው። አቶ ተስፋጽዮን ሽማግሌዎቹ ፊት ቁጭ ብሎ፣ «ቁሚ ብያት ነበር፣ ደንግጣ ሄደች። ለፖሊሱም ይህንኑ ተናግሬአለሁ» አለ። ቀጥሎ፣ «እሷ ልጅ ናት፣ ምንም አያደርጓትም። እኔ ግን ትምህርት ቤቴን ይዘጉብኛል» አለ። አንዱ ሽማግሌ «እውነት ነው፣ የወገን እንጀራ አይዘጋም» አሉ። እናቷ እያለቀሰች «በይ፣ ጋሼን ይቅርታ ጠይቂ» አለቻት። ልጅቷ ተነስታ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች። እሱም ጉልበቱን አመቻቸላት።

እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። «ቀና በይ!» አልኳት። «ጋሽ ስንታየሁ፣ ይቀመጡ፣ በሽማግሌ መሐል አይጮህም» አሉኝ። «እናንተ መኪናው ውስጥ አልነበራችሁም» አልኳቸው። ስቴቱ ይህ ይማሩ፣ ያ ይማሩ ብሎ ያዛል፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየ ተቆጣጣሪ ግን የለም። እኔ ተቀምጬ አይቻለሁ። ያየሁትም አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷ የምታውቀውን እሱ አስረሳት። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ክራባቴንም ፈታሁት። ከዚያ ወዲህ ቤተክርስቲያን ሰላምታ የሚሰጠኝ ቀንሷል። ችግር የለም፣ ፊደል ስለያዝኩ መዝሙሩን ከመጽሐፉ እያየሁ ብቻዬን እዘምራለሁ።

ዛሬ ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ የመጣሁት በወይዘሮ ፍቅርተ መኪና ነው። የነዳችው ቢታንያ ናት፤ እኔ ላይሰንስ ያለኝ ሰው ሆኜ ከጎኗ ተቀምጫለሁ። ከአደጋው ወዲህ መሪ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነው። እናቷ እሺ ያለችው ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ነው። እዚያው ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ ሌፍት መታጠፊያው ጋ ስንደርስ፣ ያው ቢጫ ቀስት ብልጭ ድርግም ይላል። ቆመች። ከፊት ለፊት መኪና ይመጣል። የኋላችን ሰው ክላክስ ያደርጋል። «ጋሼ፣ ልሂድ?» አለችኝ። እኔ፣ የማወራው አልቆብኝ የማያውቅ ሰው፣ ዝም አልኩ። እንደገና ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። ክላክሱ ቀጠለ። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ ጠበቀች። መንገዱ ባዶ ሲሆን ራሷ አይታ ሄደች። ያ ሁሉ ሰዓት ሊያስተምራት የሚገባው ይህንን ነበር።

አሁን ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። «ጋሼ፣ መኪና አለ» ያለችው እሷ ናት፤ ከራሷ አፍ ስሙት። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ስትጠይቋት ትልቅ ሰው አጠገቧ አይኑር። እኔንም ጭምር አስወጡኝ። ዓይኗን ወደ መሬት ካደረገች ደግሞ አትጻፉ፤ ታገሡ፣ ቀና ትላለች።

ይህ ቃል በማንም ግፊት ሳይሆን በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ለመናገር በራሴ እጅ የጻፍኩት ነው። ከጉራዬ በስተቀር የጨመርኩት የለም፤ ጉራውን ከፈለጋችሁ ሰርዙት፣ ካርቶኑን ግን አትሰርዙት።

የምስክሩ ፊርማ፦ ስንታየሁ ገብረየስ (በሙሉ ስሜ፣ በፊደል)

የመርማሪው ፊርማ፦ ____________