ጣት የቻለው አይብ

ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ሀና ማርያም በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ጎረቤቴ እትዬ ተሾመች ሆነው አገኘኋቸው። ከአገር ቤት መመለሳቸው ነው፤ ጭናቸው ላይ በኮባ የተጠቀለለ አይብ ይዘዋል። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ልጃቸው ናዝሬት አይብ አምሯታል። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ለአይብ ያለኝ ፍቅር ግን ጡረታ አልወጣምና ጥቅሉን ልያዝልዎ ብዬ ቤታቸው ድረስ ተከተልኳቸው።

ናዝሬት ማንኪያ ይዛ ትጠብቃለች። ጎረቤታችን አዋላጅ ነርሷ ሲናም ልትጠይቃት መጥታ ነበርና ኮባው ሲፈታ አይታ፣ ይህ ለናዝሬት ይቅርባት አለች።

እትዬ ተሾመች ተቆጡ። እርጉዝ ያማራትን ካጣች ያስወርዳታል ብለው ያምናሉ፤ ናዝሬት ደግሞ አምና ወርዶባታል። ሲናም የፈራችው ያንኑ ነው። ካልፈላ ወተት የወጣ አይብ ጀርም ሊኖረው እንደሚችል፣ እናቲቱን ጥቂት አተኩሷት ቢያልፍ እንኳ ፅንሱን ሊጎዳ እንደሚችል በትሕትና አስረዳች።

«ልጄ፣ እሳት ያላየ አይብ የታለ? አሬራውን የጣድኩት ራሴ ነኝ።»

«እሳቱ ልክ መሆኑን በምን ያውቃሉ፣ እትዬ?»

«በጣቴ ነዋ። ጣት እስኪችለው ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይደርቃል።»

«ጣትዎ የቻለውን ጀርሙም ይችለዋል።»

እትዬ ተሾመች ጣታቸውን አዩት። ዕድሜ ልካቸውን ያመኑት ጣት ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የአምናውስ… ያኔም አይብ ያበላኋት እኔ ነኝ፤ በእኔ ይሆን?» አሉ። አንጀቴን በሉት።

ሲና እጃቸውን ያዘች። «የአምናውን ምክንያት ማንም አያውቅም፤ በራስዎ አይፍረዱ። የዘንድሮውን ግን አብረን እንጠብቀው።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይቀመጥ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሎሚ ፍለጋ ሱቅ ሮጥኩ። ሲና ድስት አጥባ ቤት የነበረውን ወተት ጣደች፤ ተንተክትኮ ሲፈላ ሎሚ ጨመቀችበት፤ ዓይናችን እያየ አይብ ሆነ። ለካ ወተቱን አፍልቶ፣ ዕቃውን አጥቦ፣ አይቡን ሳያሳድሩ ትኩሱን መብላት አምሮትንም ይቆርጣል፣ ፅንስንም ይጠብቃል። የኮባው አይብ ለእኔ ደረሰኝ። ሲና ግን፣ እርስዎም ቢሆኑ ከጎመን ጋር በደንብ ያንተክትኩት ብላ አዘዘችኝ።

ልማድ አይለቅምና እትዬ ተሾመች ድስቱ ሳይወርድ ጣታቸውን ሰደዱ፤ ወዲያው መንጭቀው ወደ አፋቸው ወሰዱት። ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ሳቁ።

«አልቻልኩትም» አሉ። «በይ ናዝሬት፣ ማንኪያሽን አምጪ።»