ውኃ ያልተሻገረ መድኃኒት፤ የጋሼ አንሙት ወልደ ሩፋኤል ዜና ሕይወት

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ልቅሶውን ለአፍታ ገታ አድርጉና ስሙ። ዝናቡ መጣሁ እያለ ነው፤ ሆድ የነደደ ሰው ደግሞ ቀስ ብሎ አያነብም። ጋሼ አንሙት ማን እንደነበሩ እዚህ የቆመው ሁሉ አውቃለሁ ይላል፤ የሚያውቀው ግን እያንዳንዱ የየራሱን ቁራጭ ነውና ዛሬ ሙሉውን ይስማ።

ጋሼ አንሙት ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሩፋኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ የብርጓል፣ ሮብ ገበያ አጠገብ፣ ጮቄ ብርዱን በሚያወርድበት አገር ተወለዱ። አባታቸው ገብስ አራሽ፣ በግ አርቢ ነበሩና፣ አንዱ ልጄ እንኳ ካህን ይሁንልኝ ብለው ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት አስገቧቸው። እሳቸው ግን እግራቸው አንድ ቦታ የማይረጋ፣ ያላዩት አገር የሚጠራቸው ልጅ ነበሩ። መምህራቸው «ይህ ልጅ መቀመጫው ላይ እሾህ አለበት እንዴ?» እስኪሉ ድረስ ሲቁነጠነጡ ከርመው፣ አንድ ቀን አኮፋዳቸውን አንጠልጥለው ዓባይን ተሻገሩና አዲስ አበባ ገቡ። እዚያም አንድ አርመን መድኃኒት ቤት በጠራጊነት ተቀጥረው፣ እየጠረጉ አይተው፣ አይተው ጠይቀው፣ ጠይቀው ተምረው፣ በመጨረሻ መዝኖ የሚቀምም ሰው ወጣቸው።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ደብረ ማርቆስ ገበያው ዳር መድኃኒት ቤት ከፈቱ። ያን ጊዜ ፈቃዱ ቀላል ነበር፤ ገዢው ፊት ቀርበው እጅ ነሱ፣ «ክፈት» ተባሉ፣ ከፈቱ፣ አለቀ። ኪኒኑን ለንዳድ፣ ዲኑን ለእከክ፣ የእንግሊዝ ጨዉን ለሆድ ድርቀት ደረደሩ፤ ኮሶውንም አልናቁም፣ ከኪኒኑ ጎን አስቀመጡት። ከመርጡለ ማርያም ወይዘሮ ሥራነሽን አግብተው ድረስንና የኔዓለምን ወለዱ። ወይዘሮ ሥራነሽ ራሳቸው «የሚቀመጥ ባል ስጠኝ ብዬ ተስዬ፣ የሚዞር ሰጠኝ» እያሉ ስንቴ አስቀውናል።

ኋላ ጣልያን ገባ። ከመድፉ ቀጥሎ ደንቡ መጣ። መድኃኒት ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን ተባለ፤ መርዝነት ያለው ሁሉ ይቆለፍ ተባለ፤ ከወታደሩ ሐኪም ቤት ይራቅ ተባለ፤ የአገሬው ሰው መድኃኒት ቤት ከወንዙ ማዶ ለአገሬው ሰው ወደተመደበው ሰፈር ይዛወር፣ ሲዛወርም በአዲሱ ድልድይ በወታደር ታጅቦ ይሻገር፣ ያለ ፈቃድ አንዲት ፍሬ ኪኒን ከከተማው አጥር ብትወጣ ቤቱ ይዘጋ ተባለ። ይህን ሊነግራቸው የመጣው አስተርጓሚው ወልደ ሚካኤል ነበር፤ እጁን ወደኋላ አጣምሮ።

«አንሙት፣ ሥልጣኔ መጣልህ! ሲሚንቶ አፍስስ።»

«አፈሳለሁ። ሲሚንቶውን ከየት ላምጣ?»

«እሱን ደንቡ አይናገርም።»

ጋሼ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ደንቡን ሁሉ አልጠሉትም። «መርዝ ይቆለፍ ማለታቸው ልክ ነው፣ አርመኑም ይቆልፍ ነበር» አሉና፣ ሰው ሁሉ እምቢ ይላሉ ብሎ ሲጠብቅ ቤቱን ማዶ ሠርተው፣ ግማሹን መድኃኒት በድልድዩ አሻገሩ። የቀረውን ግማሽ ወታደሮቹ አሮጌው ቤት ውስጥ አሸጉት፤ በተራው እስኪሻገር ማንም እንዳይነካው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ገበያተኛው እስከ አዲሱ ቤት በር መጥቶ ቆመ። አንድ ሰው እንኳ ደፉን አላለፈም። በኋላ እሜቴ የዓለምዘርፍ፣ እኚያውና እዚያ የተቀመጡት፣ በትራቸውን ተደግፈው ገቡ። የጎረቤታቸው የአቶ ዓባይ ልጅ በንዳድ ትንፋሿ ሊወጣ ደርሶ ነበር።

«አንሙቴ፣ እንዲያው ይህ መድኃኒት ውኃ ተሻግሯል?»

በአገራችን መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረ ይረክሳል፣ ኃይሉን ውኃው ይወስደዋል ይባላል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ጋሼም ያውቃሉ፤ አያምኑበትም እንጂ። መዋሸት ደግሞ አይሆንላቸውም።

«እሜቴ፣ በድልድይ ነው የተሻገረ። እግሩም አልረጠበ።»

«ድልድዩስ ውኃው ላይ አይደል የተጋደመ?»

ወልደ ሚካኤል ከበሩ ላይ ሳቀ። «እናንት ሰዎች፣ ይህ ኪኒን ከሮም ሲመጣ ስንቱን ባሕር አቋርጦ መሰላችሁ!»

«ያን ጊዜ የነሱ ነበር» አሉ እሜቴ፣ ዞር ብለው ሳያዩት። «የኛ የሆነው አንሙት በእጁ ከያዘው ወዲህ ነው። አንተን ማን ጠየቀህ?»

ጋሼ ተከራከሩ። በመጽሐፍ ጠቀሱ፣ በአርመኑ ማሉ፣ ኪኒኑን ፊታቸው ላይ ዋጡት። ገበያው ሲበተን ነገሩን የረቱ መሰላቸው፤ እሜቴ ግን ባዶ እጃቸውን ወጡ። የዓባይ ልጅ ሳምንቱን አልደረሰችም።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ እረፍት የሚባል አጡ። ሲነጋ ይወጣሉ፣ ወንዙ ዳር ደርሰው ይመለሳሉ፣ ቤት ገብተው ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳሉ፤ ወይዘሮ ሥራነሽ «ኧረ አንቱ፣ ወለሉን በእግርዎ ቆፈሩት እኮ፣ ሲሚንቶው ገና አልደረቀም!» ቢሏቸው፣ ቆም አሉና «ልክ ነበርሁ። ልክ ሆኜ የሰው ልጅ አስቀበርሁ» አሉ። ጭቅጭቁን በዚያው ተዉት። ሰውን ከማዞር መድኃኒቱን ማዞር ይሻላል ብለው ቆረጡ።

ወንዙ ራሱ፣ ታውቁታላችሁ፣ ከላይ ከኮረብታው ሥር ከምንጭ ነው የሚነሳው። ከምንጩ በላይ ዞሮ የመጣ ሰው ውኃ ሳይሻገር ማዶ ይደርሳል። ችግሩ ምንጩ ከአጥሩ ውጭ ነው። ጋሼ «የቀረውን በምንጩ ላዙረው» ብለው ለጣልያኑ ሐኪም ሻምበል አመለከቱ፤ ወልደ ሚካኤል ምን ብሎ እንዳስተረጎመው እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ፤ መልሱ «መድኃኒት ከአጥር ከወጣ ለሽፍታ ነው» የሚል ሆነ። ሽፍታ የሚሏቸው አርበኞቻችንን ነው፣ እንግዲህ!

በተከታዩ ቅዳሜ የቀረው ግማሽ ተራው ደርሶ እሽጉ ተፈታ። ወታደሮቹ ድልድዩ ጋ ቆመው ጠበቁ። ጋሼ የኪኒኑን ሣጥን በትከሻቸው አደረጉ፣ ልጃቸው ድረስ ዲኑን፣ ገበሬዎቹ የቀረውን ተሸከሙ፤ ከፊት ማን መራ? ልጁን የቀበረው ዓባይ! ወደ ድልድዩ መውረድ ሲገባቸው ሽቅብ ታጠፉ።

«ወዴት ነው? ድልድዩ በዚህ ነው!» አለ አንዱ አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ ጥቁር ወታደር።

«አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ድልድይ ነው» አሉ ጋሼ፣ ሳይቆሙ።

ገበያው እንዳለ ተነሥቶ ተከተላቸው። በግ የሚነዳው ከነበጉ፣ ጨው የሚሸጠው ከነጨዉ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ላይ መተኮስ ከበዳቸውና ወታደሮቹ ዳር ዳሩን ሮጡ። ምንጩ ጋ ሲደርሱ እሜቴ የዓለምዘርፍ ቀድመው ደርሰው፣ በትራቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ «አንተ፣ ረግረጉን ራቅ! እግርህን እይ፣ የማን ዕውር ነህ!» እያሉ ሸክሙን ሁሉ በደረቁ አሳለፉት። ማዶ ሲደርሱ ጋሼ ሣጥኑን ለወይዘሮ ሥራነሽ አስረከቡ፣ የመርዙን ቁም ሣጥን ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው ሰጡ፣ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ለገመዱ ዘረጉ።

ሻምበሉ መጥቶ ቤቱን መረመረ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ መርዙ የተቆለፈ፣ ከኪኒኑም ከአጥሩ ወጥታ ያልተመለሰች አንዲት የለችም። ዕቃው ደንቡን አሟልቶ ተገኘ፤ አጥፊው ባለቤቱ ብቻ ሆኑ። ተገረፉ፣ ታሰሩ፣ እርጥብ መሬት ላይ ከረሙ። ገበያተኛው ግን በዚያው ቀን ደፉን አልፎ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ስንት የንዳድ ታማሚ እንደዳነ እናንተው ታውቃላችሁ፣ ከናንተም መሃል ቆሞ የሚሰማኝ አለ። በድልድዩ የተሻገረውን የመጀመሪያውን ግማሽ ወይዘሮ ሥራነሽ ለካምፑ ሸጡት፤ «ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ወንዝ የተሻገረ ቢውጥ ምን ይሆናል?» ብለው።

ጣልያን ሲወጣ ጋሼ ከእስር ወጡ፤ ደረታቸው ግን አብሮ አልወጣም። ሳሉ ቀን ከሌት ያዛቸው። ተኝተው እያሉ ደግሞ አንድ የራሳችን ሰው፣ ስሙን እዚህ አልጠራም፣ ቆሞ ይሰማኛል፣ መጣና «ፈቃዱ የጣልያን ነው፣ አዲሱ ደንብ እስኪወጣ ይዘጋ» አላቸው። እኛ በንዴት ጦፍን፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሙንና «ይሁን፣ መድኃኒት ያለ ደንብ አይሆንም። ብቻ ስትጽፉት ገበያተኛውን ጠይቁ» አሉት። በዚህ በሰኔ ወር፣ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ጠዋት ቃሬዛውን ስናነሣ ድልድዩ እዚያው ነበር፤ ከቤታቸው እስከዚህ ደብር በድልድዩ ቅርብ ነው፣ ዝናቡም ሊጥለን ነበር። ዓባይ ግን ከፊት ሆኖ ሽቅብ ታጠፈ። ወዴት ነው ቢባል፣ እሜቴ የዓለምዘርፍ ከኋላ «መድኃኒታችንን ውኃ አናሻግርም!» ብለው ጮኹ። ይኸው ጭቃ ለብሰን፣ በምንጩ ዞረን፣ በደረቁ አምጥተናቸው እዚህ ቆመናል። ጋሼ ቢያዩን ይስቁብን ነበር። ይሳቁ!

ጋሼ አንሙት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሥራነሽን፣ ልጆቻቸውን ድረስንና የኔዓለምን፣ ሚዛናቸውን፣ ቁልፋቸውን፣ አንድ ገበያ ሙሉ ሰውም ትተው ሄደዋል። ያ ቆሞ የሚሰማኝም ሰው ይስማ፦ የመጣውን ደንብ እናሟላለን፣ ሲሚንቶው አለ፣ ቁልፉ አለ፤ ቅዳሜ ግን በሩ ይከፈታል፣ ሚዛኑ ላይ የምትቆመው የኔዓለም ናት።

አምላከ ወልደ ሩፋኤል፣ አምላከ የብርጓል፣ በዚህ ዓለም ቁጭ ብለው ያላረፉትን አባታችንን በአብርሃም አጠገብ አስቀምጥልን፤ በኛና ባንተ መካከል ያለውን ያን የመጨረሻውን ውኃም፣ አደራህን፣ በድልድይ አታሳልፋቸው፤ አንተ ምንጩን ታውቀዋለህና በላዩ አዙረህ አግባቸው። አሜን በሉ።