እስከ አርብ ድርሽ እንዳትል

ከመሃል ከተማው፣ ከዳውንታውን፣ ወደ ሐበሾች ሰፈር ወደ ፌርፋክስ በምንመለስበት አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ወጣት አስተናጋጅና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ለጁሪ፣ ያው ከሕዝቡ ተመርጬ እንድፈርድ፣ ተጠርቼ ፍርድ ቤት ዋልኩ።»

«ጎሽ! ከሥራ የቀረህበትን ቀን ግን አሠሪህ ትከፍልሃለች?»

«ሕጉ እትዬ አልማዝን አያስገድዳትም። ከሥራ ፋየር ማድረግ ብቻ ነው የማትችለው።»

«ታዲያ ምን አለችህ?»

«መጀመሪያ ‹እኔ ምን አገባኝ› አለችኝ። እሁድ ቤተክርስቲያን በር ላይ ሴቶቹ ከበው ‹ለልጁ ትከፍይለታለሽ አይደል?› ሲሏት ግን፣ ‹ኧረ ምን ነካችሁ! ሳምንቱን ሙሉ ቢያቆዩትም እከፍለዋለሁ› አለች።»

«ለሴቶቹ ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኛ!»

«አይ አንተ! ሕግ ያላስገደዳትን በይሉኝታ ያዝካት በለኛ። ኬዙስ ምን ነበር?»

«ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተው ነው። ዳኛው ‹ሳታዳላ፣ ፌር ሆነህ ትፈርዳለህ ወይ?› ሲለኝ፣ ‹ከምንፈርድባቸው ለምን አናስታርቃቸውም? ሽማግሌ እኔ አመጣለሁ› አልኩት።»

«እሱስ?»

«ሳቀና ‹በቃ ሂድ› ብሎ ሪሊዝ አደረገኝ።»

«በል እንግዲህ፣ ክፍያህ ቀለጠ!»

«የት ይቀልጣል? ቅድም ደውዬ ‹ነገ ሥራ እገባለሁ› ብላት ጮኸችብኝ።»

«ደግሞ ለምን?»

«‹ሰዉ ላለመክፈል ብላ ከፍርድ ቤት አስወጣችው እንዲለኝ ነው? ደሞዝህን እከፍልሃለሁ፣ እስከ አርብ ድርሽ እንዳትል!› አለችኝ።»

ለሚመጣው ሰኞ ለጁሪ የተጠራሁት እኔም፣ አለቃዬ እሁድ እሁድ የትኛውን ቤተክርስቲያን እንደሚሳለም ማሰብ ጀመርኩ።