ዲያቆን ቶሊቨር ፖሊስ የሆኑበት ቅዳሜ

ዲያቆን ሆራስ ቶሊቨር ለቀብር የተዋሷቸውን ወንበሮች ሊመልሱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሲወርዱ፣ ያዩት ነገር ደማቸውን አፈላው። የመጨረሻ ልጃቸው ቨርኔታ ባንኮኒ ከመሰለ ረጅም ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣለች። አንዱ ጎረምሳ ጸጉሯን ይጎትታል፤ ሌላው አናቷ ላይ ስኳር እየነሰነሰ ለጆሮ የሚቀፍ ስድብ ያወርድባታል። ወንበሮቹን ወዲያ ጥለው ተሳዳቢውን ማጅራቱን ጨመደዱት። የጎረቤታቸው የክሊተስ ልጅ መሆኑን ያወቁት፣ "ጋሽ ቶሊቨር፣ ልምምድ እኮ ነው" ሲላቸው ነው።

መጋቢ ኤሞሪ ስቶቫል ከጥግ መጥቶ ይቅርታ ጠየቃቸው። ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አትላንታ ተምሮ ወደዚህች የአላባማ ከተማ ከመጣ ወዲህ ለጥቁሮች መብት ሲሟገት ሦስት ጊዜ ታስሯል፤ በየካቲት ደግሞ ነጮች የቤቱን በረንዳ በድማሚት አፍርሰውበታል። አሁን አሥር ወጣቶች ሰኞ ዕለት፣ ምሳም በሚሸጥበት ግን ጥቁር በማይስተናገድበት አንድ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ተቀምጠው ሳንድዊች ሊጠይቁ ነው፤ የሚለማመዱትም ስድብና ዱላ ሳይመልሱ መቀመጥን ነው። አንዷ ቨርኔታ መሆኗን አባቷ የሰሙት ያን ጊዜ ነበር።

"መጋቢ፣ አርባ ዓመት ጸጉር ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዝም ብሎ የተመታ ምን እንደሚተርፈው ስንቱን ሰምቻለሁ። ልጄን እጅሽን አጣጥፈሽ ተመቺ ትላታለህ?"

"ዝም ያልነውስ እስከ ዛሬ ነጭ በፊት በር ሲገባ እኛ በኋላ በር ስንገባ ነው፣ ጋሽ ቶሊቨር። እዚያ መቀመጥ ዝምታ አይደለም።"

"ከበረንዳው ወዲህ እኔና ክሊተስ ጠመንጃ ይዘን ባንጠብቅህ ኖሮ፣ ይህን የምትለኝ አንተም አትኖርም ነበር።"

መጋቢው አልካደም። ፍርሃቱንም አልደበቀም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከሚስቱ ጋር እንደሚተያዩ፣ ልጆቻቸውን ከመንገድ ዳር ክፍል እንዳወጧቸው ነገራቸው። "ግን ጠመንጃው አንድ ቤት ቢጠብቅ ነው፤ ባንኮኒውን አይከፍትም" አለ። "አንዲት ጥፊ ከመለስን ጋዜጣው የሚያወራው ስለ ጥፊያችን ነው። ስለ ወንበሩ ማንም አይጠይቅም።"

እኛ የዚህች ከተማ ሰዎች ጥንቃቄን ከእናታችን ጡት ጋር የጠባን ነን። ዲያቆኑም የሚከራከሩት ክፉ ሆነው ሳይሆን ፈርተው ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ጥበብ መስሎ መታየት ያውቅበታል። መጋቢው ይህን ስለተረዳ ክርክሩን ተወና አንድ ነገር ለመናቸው። ጎረምሶቹ በጓደኞቻቸው ላይ መጨከን አልሆነላቸውም፤ እባክዎ ለአንድ ጊዜ ሰኞ ሊያስነሳቸው የሚመጣውን ነጭ ፖሊስ ይሁኑልኝ አላቸው። ዲያቆኑም፣ ካስደነገጥኳት ትቀራለች ብለው እሺ አሉ።

ልጃቸው ፊት ቆሙ። ስልሳ ዓመት የሰሙት ስድብ ሳይጠሩት መጣ። ድምፃቸው የራሳቸው አልመስል አለ። ቨርኔታ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ተራዬን እየጠበቅኩ ነው፣ ጌታዬ" አለች።

እጃቸውን አነሱ። ብትሰድባቸው ወይም ብትገፋቸው እጁ ራሱ መንገዱን ያገኝ ነበር። እሷ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሳትነቃነቅ ታያቸዋለች። እጃቸው የሚያርፍበት አጥቶ ተመለሰ።

"አፈርኩ" አሉ፣ አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ዘፍ ብለው። "ለጨዋታ እንኳ አፈርኩ።"

"ሁሉም ያፍራሉ አልልዎትም፤ ልጅዎ ሰኞ ልትደማ ትችላለች" አለ መጋቢው። "ግን ከመቺዎቹ ጥቂቱ ያፍራል፤ ቆሞ ከሚያየው ብዙው ይጠይቃል። ጠያቂ ሲበዛ ባንኮኒው ይከፈታል፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ፣ ከዚያም የምርጫ ካርዱ። የልጅ ልጆችዎ የኋላ በር የት እንደሆነ ሳያውቁ ያድጋሉ።"

ዲያቆኑ ከወንበሩ ተነሱ። ከዚያ ሰኞ ከቨርኔታ ጎን ማን እንደሚቀመጥ ጠየቁ። ገና አልተመደበም ተባሉ።

"እንግዲያው እኔ ነኝ። ግን ቁጡ ነኝ፣ ቅድም አይታችኋል። አለማምዱኝ።"

ባርኔጣቸውን አውልቀው ባንኮኒው ፊት ተቀመጡ። ደፍሮ የሚሰድባቸው ጠፋ። መጋቢው ወደ ቨርኔታ ዞሮ፣ የሰኞዎቹ ነጮች ለአባቷ እንደማይሳሱላቸው ቀስ ብሎ ነገራት። ልጅቱ ከአባቷ ጀርባ ቆመች። የከተማችን ነጭ ፖሊስ ሽበት ያበቀለውን ጥቁር ሁሉ በምን ቃል እንደሚጠራው ታውቃለች።

"አንተ ልጅ" አለች ቀስ ብላ። "ተነስና ውጣ።"

ዲያቆን ቶሊቨር እጃቸው እንዳይነሳ ጉልበታቸውን ጨብጠው ይዘዋል።

"እንደገና" አሉ። "ጮክ ብለሽ፣ ልጄ።"