በደረት ውስጥ ያለው ጉባኤ ቤት

በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ከወገዳ በታች ባለው ወንዝ መሻገሪያ ላይ ሁለት በቅሎዎች ተገናኙ። በአንደኛዋ የቅኔው መምህር መሪጌታ ቀለመ ወርቅ የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን አስካለን አቅፈው ተቀምጠዋል፤ ሁለተኛዋን የፈንጣጣ ከታቢው መልአኩ ውሃ ያጠጣል። መሪጌታ ይህን ወጣት ባያዩት ይመርጡ ነበር፤ ጎረቤታቸው ውብነሽ ሳትነግራቸው ገበያ ወስዳ ልጅቱን ያስከተበቻት በእሱ እጅ ነውና።

«እንደምን አደሩ፣ የኔታ? ወዴት ነው?»

«አንተ ያበላሸኸውን ላስተኩስ!» አሉና የአስካለን እጅጌ ገለጡ። ክንዷ ቀልቶ አብጧል፤ መካከሉ መግል ቋጥሯል። ከወንዙ ማዶ እባጭ በጋለ ብረት የሚተኩስ ሰው አለ። «ደሟን አሳበድክባት። ይኸው የገዛ ሥጋዋን እየበላ ነው!»

መልአኩ የሚያተኩሰውን ግንባሯን ዳሰሰ። «ከተከተበች ስንት ቀኗ ነው?»

«ስምንት።»

«እንግዲያው ደሟ አላበደም፤ ሥራውን ይዟል። የኔታ፣ ቅኔው ቤት ያልመታለትን ተማሪ መርቀው ያሰናብታሉ?»

«ምን ሲደረግ!»

«ሰውነትም እንደዚያው ነው። በደማችን ውስጥ በሽታን የሚዋጉ፣ ቲ ሴል የሚባሉ ወታደሮች አሉ። የሚፈልቁት ከአጥንት መቅኔ ነው። ገና ጥሬ ሳሉ ከደረት አጥንት ኋላ ወዳለች እጢ ሄደው ይማራሉ፤ ይፈተናሉ። የገዛ ሥጋውን እንደ ጠላት የሚያይ አይመረቅም።»

መሪጌታ የበቅሏቸውን ልጓም ያዝ አደረጉ። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸውና ፈተና ሲባል ጆሯቸው ቆመ።

«የወደቁትስ?»

«እዚያው ይሞታሉ። ከመቶ ጥቂቶቹ ቢወጡ ነው።»

«እኔስ ወደ እርሻቸው ነው የምመልሳቸው!» ሳይወዱ ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ትኩሳቱ ባይለቃትስ? እናቷን የቀበርኳት ባለፈው ክረምት ነው። የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።»

«ክንዷ ያበጠው ወታደሮቹ ከክትባቱ ጋር ስለተጋጠሙ ነው፤ በዚህ ደካማ ጠላት ተለማምደው ብርቱውን ፈንጣጣ ይመክታሉ። ብረቱ ግን በቁስል ላይ ቁስል ይጨምራል። ሁለት ቀን ብቻ ይታገሡኝ፤ እኔም ከቤትዎ አልለይም።»

እውነቱን ለመናገር፣ መሪጌታን የረታቸው ትምህርቱ ብቻ አልነበረም፤ ወጣቱ አብሯቸው ለመሰንበት መቁረጡም ጭምር ነው። በቅሎዋን መለሱ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስካለ ቂጣ አምጡ ብላ አለቀሰች። ትኩሳቱ ለቋታል። መሪጌታ እፎይ አሉ፤ እንባቸውንም አልደበቁም።

የክንዷ ቅርፊት የወደቀ ሳምንት ተማሪዎቻቸውን በሙሉ አሰልፈው አስከተቡ። በመጨረሻም ወደ መልአኩ ጠጋ ብለው፣ «ለመሆኑ ያቺ እጢ በእኔ ዕድሜ ታስተምራለች?» አሉ።

«ትሟሽሻለች፣ የኔታ። ቀድሞ የተመረቁት ግን በሥራ ላይ ናቸው።»

«እንግዲያው ጉባኤው ቢፈታም ደቀ መዛሙርቱ አሉኝ» ብለው የራሳቸውን እጅጌ ሰበሰቡ።

በዚያ በጋ ፈንጣጣ አጥቢያውን ሲያምስ ከጉባኤ ቤቱ አንድም ልጅ አልነካም። አስካለም እንግዳ በመጣ ቁጥር ጠባሳዋን እያሳየች፣ «አባባም አለው!» ትል ነበር።